«ነገሌ ቦረና» ስንት ጊዜ ይጻፍ?

ነገሌ ቦረና ላይ ሆቴል ከፍቶ ድረ ገጽ የሚያሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር «ሰው ጎግል ላይ የሚፈልገውን ቃል ደጋግመህ ጻፍ» የሚል ነው። ምክሩ መነሻ አለው፤ ዛሬ ግን እንዳለ የሚከተለውን ሰው ይጎዳዋል። ለምን እንደሚጎዳ ለመረዳት የፍለጋ ሞተር ገጽን እንዴት እንደሚያነብ ማወቅ ያስፈልጋል።

የፍለጋ ሞተር ጥያቄ በመጣ ቁጥር ኢንተርኔትን ከዳር እስከ ዳር አያስስም። ገጾችን አስቀድሞ እየዞረ ያነብና የትኛው ቃል የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ ያዘጋጃል። ጥያቄ ሲደርሰው ከማውጫው ከጥያቄው ጋር የሚስማሙትን ገጾች አውጥቶ በደረጃ ያሰልፋል። የቃል ድግግሞሽ ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1957 በጽሑፍ ውስጥ የሚደጋገም ቃል የጽሑፉን ጉዳይ ይጠቁማል የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ1972 ደግሞ እንግሊዛዊቷ ካረን ስፓርክ ጆንስ የጎደለውን ሞላችው፤ በጥቂት ገጾች ላይ ብቻ የሚገኝ ቃል የትም ከሚገኝ ቃል የበለጠ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ አሳየች። «ሆቴል» የሚል ቃል የሌለበት የሆቴል ገጽ ማግኘት ያስቸግራል፤ «ነገሌ ቦረና» ግን የሚገኘው በጥቂቶቹ ላይ ነው። ለባለሆቴሉ ሚዛን የሚደፋለት የከተማው ስም ነው።

ታዲያ ስሙ መቶ ጊዜ ቢጻፍስ? በ1990ዎቹ ለንደን ውስጥ የተቀመረውና እስከ ዛሬ በብዙ የፍለጋ ሥርዓቶች የሚሠራበት ቢኤም25 የተባለ ስሌት መልሱን በቁጥር ያሳያል። በተለመደው አሠራር፣ መካከለኛ ርዝመት ባለው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ የተጻፈ ቃል 1 ነጥብ ቢያገኝ፣ ሁለት ጊዜ ሲጻፍ 1.38፣ ሦስት ጊዜ ሲጻፍ 1.57፣ ዐሥር ጊዜ ሲጻፍ 1.96 ይሆናል። መቶ ጊዜ ቢጻፍ እንኳ 2.2 አይሞላም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜያት ይጠቅማሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ድካም ብቻ ነው። የጎግል ስሌት ከዚህ እጅግ የረቀቀ ቢሆንም፣ ድርጅቱ «ትክክለኛ የድግግሞሽ መጠን» የሚባል ቁጥር እንደሌለ በተደጋጋሚ ተናግሯል።

ከድካምም አልፎ ቅጣት አለው። በ1990ዎቹ አንዳንድ የገጽ ባለቤቶች በነጭ መደብ ላይ ነጭ ፊደል እየጻፉ አንባቢ የማያየውን የቃል ክምር ይደብቁ ነበር። ዛሬ ጎግል ቃል ማጨቅን በግልጽ ይከለክላል፤ በክልከላው ውስጥ በምሳሌነት ከጠቀሳቸው አንዱ የከተሞችን ስም መደርደር ነው። ስለዚህ አንድ የነገሌ ሆቴል ገጹ ግርጌ ላይ «ነገሌ ሆቴል፣ ያቤሎ ሆቴል፣ ሞያሌ ሆቴል፣ ፊልቱ ሆቴል፣ ዶሎ ኦዶ ሆቴል» ብሎ ቢደረድር ገበያ አይስብም፤ ያለውንም ደረጃ ሊያጣ ይችላል። በጎግል ካርታ ላይም እንዲሁ ነው፤ የሚመዘገበው የድርጅቱ ትክክለኛ ስም እንጂ ቃል የተለጠፈበት ስም አይደለም።

ለነገሌና ለሌሎች የደቡብ ቆላ ከተሞች ዋናው ጥያቄ እንግዳው ከተማውን በየትኛው ስም ይፈልገዋል የሚለው ነው። «ነገሌ» ብቻ ብሎ የሚፈልግ ሰው ከሻሸመኔ በስተሰሜን ያለችው አርሲ ነገሌ ልትመጣበት ትችላለች፤ ስለዚህ ሙሉው «ነገሌ ቦረና» በርዕሱ ላይ መኖር አለበት። ወደ ነገሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን አዶላን ብዙ ሰው አሁንም ክብረ መንግሥት ይላታል፤ ሁለቱም ስሞች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቢገቡ ሁለቱም ፈላጊዎች ይደርሳሉ። ሞያሌ በኢትዮጵያም በኬንያም በኩል ስላለች ሆቴሉ በየትኛው ወገን እንደሆነ መግለጽ ያሻል። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና እንግሊዝኛ የሚጽፉ ፈላጊዎችም አሉ፤ ለእነርሱ የሚበጀው በየቋንቋቸው የተጻፈ ገጽ እንጂ የተከመረ ስም አይደለም።

አማርኛም የራሱ ጠባይ አለው። «ሆቴል» በጽሑፍ ውስጥ «ሆቴላችን»፣ «በሆቴሉ»፣ «ከሆቴሎቹ» እየሆነ ይመጣል፤ በክብረ መንግሥት ስም ውስጥ ያለው «መንግሥት» ደግሞ በ«ሠ»ም በ«ሰ»ም ይጻፋል። ስለዚህ ዋናው ቃል ቢያንስ በርዕሱና በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ቅጥያ ሳይጨመርበት ቢቀመጥ ይመረጣል።

ከዚያ ቀጥሎ ገጹን የሚያስገኘው ቁም ነገሩ ነው። ከነገሌ ወጣ ብሎ የሚገኘው የሊበን ሜዳ ሊበን ላርክ የምትባል፣ ከምድር ልትጠፋ የተቃረበች ትንሽ ወፍ መኖሪያ ነው፤ እርሷን ለማየት ከባሕር ማዶ የሚመጡ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት በወፏ ስም ነው፤ አንዳንዶቹ ሲዳሞ ላርክ በሚለው በቀድሞ ስሟ ይፈልጓታል። ሜዳው ከሆቴሉ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ አስጎብኚ እንዴት እንደሚገኝ፣ መኝታ ስንት እንደሆነ በግልጽ የጻፈ ገጽ «ምርጥ ሆቴል» እያለ ከሚደጋግም ገጽ የተሻለ ዕድል አለው።

በቆላው ከተሞች የምትሠሩ ነጋዴዎች፣ የከተማችሁን ስም በርዕሱ፣ በመግቢያውና ዓረፍተ ነገሩ በሚጠይቀው ቦታ ብቻ ጻፉት። ጽሑፉን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ጆሮ የሰለቸውን ቃል አውጡትና በቦታው እንግዳው ሊያውቀው የሚፈልገውን መረጃ አስገቡ።