በመካ ክልል ጠረፍ የሚኖሩት ትናንሽ ዓሣ ነባሪዎች

ጅዳ፤ በኮርኒሽ ዳር ቆሞ ቀይ ባሕርን የሚመለከት ሰው ዕድል ከቀናው ግራጫ ጀርባ ከውኃው ብቅ ብሎ ሲሰወር ያያል። ብዙዎች ትልቅ ዓሣ ይመስላቸዋል። ዶልፊን ግን ጥርስ ካላቸው ዓሣ ነባሪዎች ወገን የሚመደብ አጥቢ እንስሳ ነው፤ «ዓሣ ነባሪ» የሚለው የአማርኛ ስያሜም ለስሕተቱ በር ሳይከፍት አልቀረም። በሳንባው ይተነፍሳል፣ ግልገሉን ያጠባል፣ ጭራውንም እንደ ዓሣ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል።

ቅድስት ከተማ መካ ከባሕር ርቃ ብትገኝም፣ የመካ ክልል ጠረፍ ከራቢግ በጅዳና በሊዝ በኩል እስከ ቁንፉዳ ይዘልቃል። በዚሁ ባሕር ከሚታወቁት አንዱ ቱርሲዮፕስ አዱንኩስ የተባለው ዶልፊን ሲሆን ርዝመቱ 2.6 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤረንበርግ ነው፤ በዳህላክ ደሴቶች የተገኘውን ናሙና መሠረት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ1833 ስም አወጣለት። የጉዞ ባልደረባው ሄምፕሪሽ እ.ኤ.አ. በ1825 በምፅዋ አርፎ ስለነበር ይህን አላየም። ጎንደር ድረስ ዘልቆ የነበረው ሌላው ጀርመናዊ ሩፔል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1842 ይህንኑ ዶልፊን «አቡሰላም» ብሎ በዓረብኛ ሰየመው። የቀደመው ስም ጸንቶ ቢቀርም፣ «የሰላም አባት» የሚለው ሳያምር አልቀረም።

ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚስበው ተሽከርካሪው ዶልፊን ነው። ከውኃው ዘሎ በአየር ላይ እንደ እንዝርት ይሾራል። ሌሊት በጥልቁ ባሕር ትናንሽ ዓሦችንና ስኩዊድ ሲያድን ያድራል፤ ቀን ግን በኮራል ዐለት ወደተከለለ ጸጥተኛ ውኃ ገብቶ ያርፋል። በጨለማ የሚመራው ድምፅ ነው፤ ከግንባሩ ስብ አልፎ የሚወጣው ጠቅታ ከታዳኙ አካል ነጥሮ ሲመለስ በታችኛው መንጋጋው በኩል ወደ ጆሮው ይደርሳል። ቀን ጀልባዎች እየተከተሉ ዕረፍቱን ሲነሱት ለሌሊቱ አደን የሚያስፈልገውን ጉልበት ያጣል።

እጅግ የሚያሳስበው ግን ባለጉብታው ዶልፊን ነው። ኑሮው ጥልቀት በሌለው የጠረፍ ውኃ በመሆኑ መረብ፣ ጀልባና የወደብ ግንባታ ከሚበዛበት ስፍራ አይርቅም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ አስፍሮታል። በመረብ የተያዘ ዶልፊን ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ስለማይችል ታፍኖ ይሞታል፤ እናቲቱም በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ በመሆኑ የጎደለው ቶሎ አይተካም።