ከጎማ ወደ ሞተር፦ ተገጣጥሞ የሚሸጥ ሮክ ክሮለር ለጊምቢቹ ተዳፋት እንዴት ይሻሻላል?

መግቢያ

ሮክ ክሮለር በሬዲዮ የሚታዘዝ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ በዐለት ላይ ቀስ እያለ እንዲወጣ የተቀየሰ አነስተኛ ተሽከርካሪ ነው። በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪናን አሠራር በ1፡10፣ በ1፡18 ወይም በ1፡24 ልክ አሳንሶ ይይዛል። ከሌሎች በሬዲዮ ከሚታዘዙ መኪኖች የሚለየው ግቡ መፍጠን ሳይሆን መውጣት በመሆኑ ነው። በኢትዮጵያ መንገዶች «ኤንትሬ» በሚል ስም የታወቀው የፊያት የጭነት መኪና ዳገትን በከባድ ማርሽ ሳይቸኩል ይወጣ እንደነበረ ሁሉ፣ ክሮለርም የሞተሩን ፍጥነት በጥርሶች አማካይነት ወደ ማዞር ኃይል ለውጦ ይጠቀምበታል።

ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገዙት በፋብሪካ ተገጣጥሞ የሚሸጠውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የትራክሳስ ቲአርኤክስ-4፣ በ2019 የወጣው የአክሲያል ኤስሲኤክስ24 እና በ2022 የወጣው ቲአርኤክስ-4ኤም ከታወቁት መካከል ናቸው። ተሽከርካሪው ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ አንድ ድንጋይ ላይ ሲያቅተው «ምን ልቀይርለት?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው መልስ ኃይለኛ ሞተርና ትልቅ ባትሪ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የማሻሻያው ቅደም ተከተል መወሰን ያለበት ተሽከርካሪውን በቅድሚያ የሚያግደው ወሰን የትኛው እንደሆነ በመለየት መሆኑን ያብራራል። የማብራሪያው መነሻ በሀዲያ ዞን የሶሮ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ጊምቢቹ ናት። ወረዳው ከደጋው ተነሥቶ በምዕራብ በኩል ወደ ግቤ ሸለቆ የሚያዘቀዝቅ በመሆኑ ተዳፋትም ድንጋይም አያጣም፤ የሚታጣው የመለዋወጫ መደብር ነው። በዚህ ምክንያት በቅደም ተከተል ላይ የሚፈጸም ስሕተት ዋጋው ከሌላው ሥፍራ ይከብዳል።

ኃይል ምን ያህል ያስፈልጋል?

ጥያቄውን በቀላል ስሌት መመርመር ይቻላል። ክብደቱ 3 ኪሎ ግራም የሆነ ክሮለር 45 ዲግሪ በሆነ ተዳፋት ላይ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል 21 ኒውተን ገደማ ነው። በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢወጣ የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ 10 ዋት ይሆናል። ግማሹ በጥርሶችና በሞተሩ ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል ቢባል እንኳ፣ ከ7.4 ቮልት ባትሪ የሚሳበው ፍሰት ከ3 አምፔር አይበልጥም። ይህንን ተገጣጥሞ የተሸጠው ሞተር ያለ ችግር ያቀርባል። ስለዚህ ተሽከርካሪው ሲቆም በአመዛኙ ያጠረው ጉልበት አይደለም። ጎማው ተንሸራትቷል፣ ተሽከርካሪው ወደ ኋላ ሊገለበጥ ደርሷል፣ ወይም መሪው በድንጋይ መካከል ተይዞ አልዞርም ብሏል።

የመጀመሪያው ወሰን፦ ሰበቃ

በጎማና በድንጋይ መካከል ያለው ከፍተኛ የሰበቃ ኃይል ጎማው ድንጋዩን ከሚጫንበት ኃይል ጋር እኩል ቢሆን፣ ማለትም ንጽሩ 1 ቢሆን፣ ተሽከርካሪው 45 ዲግሪ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ንጽሩ ወደ 1.2 ከፍ ቢል ወሰኑ 50 ዲግሪ ይደርሳል። ይህን ለውጥ የትኛውም ሞተር ሊያመጣው አይችልም፤ የሚያመጣው ለስላሳ ጎማ ነው። ከዝቅተኛ ዋጋ ክሮለሮች ጋር የሚመጣው ጎማ ብዙ ጊዜ ደረቅ ያለ ሲሆን፣ ለስላሳው ጎማ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተጣጥፎ የሚነካውን ስፋት ይጨምራል።

የእነዚህ ተሽከርካሪዎች ጎማ በአየር አይነፋም። ቅርጹን የሚይዝለት በውስጡ ያለ ስፖንጅ ነው፤ ስለዚህም ጎማው ለስላሳ ሆኖ ስፖንጁ ጠንካራ ከሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል። የጎማውን ቁመት መጨመርም ዋጋ አለው። ዲያሜትሩ ከ11 ወደ 12.5 ሴንቲሜትር ቢያድግ፣ ያንኑ ዳገት ለመውጣት በአክስሉ ላይ የሚያስፈልገው የማዞር ኃይል 14 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጀማሪው የጎማውን ልስላሴ አሻሽሎ ቁመቱን እንዳለ ቢተወው የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ወሰን፦ የስበት ማዕከል

ጎማው መያዝ ሲጀምር ቀጣዩ ወሰን ይገለጣል። በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 31 ሴንቲሜትር፣ የስበት ማዕከሉ ከፍታ 10 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱም ለፊትና ለኋላ እኩል የተከፈለ ተሽከርካሪ 57 ዲግሪ ላይ ወደ ኋላ ይገለበጣል። የክብደቱ 60 በመቶ ወደ ፊት ቢዛወርና ከፍታው ወደ 8.5 ሴንቲሜትር ቢወርድ ወሰኑ ወደ 65 ዲግሪ ከፍ ይላል። በጎን ተዳፋት ላይም እንዲሁ ነው፤ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት 20 ሴንቲሜትር ሲሆን የመገልበጫው ወሰን ከ45 ወደ 50 ዲግሪ ገደማ ያድጋል።

ለዚህ ሲባል ባትሪውን ወደ ፊትና ወደ ታች ማዛወር ምንም ወጪ የለውም። ቀጥሎ የሚመጣው በፊት ጎማዎች ቸርኬ ውስጥ ክብደት መጨመር ነው። በገበያ ያለው ከነሐስ የተሠራ ክፍል ውድ ሲሆን፣ ጎሚስታዎች የመኪናን ጎማ ሚዛን ለማስተካከል የሚለጥፉት ትናንሽ ክብደት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ክብደቱ ከእርሳስ የተሠራ ከሆነ ከነኩት በኋላ እጅን መታጠብ ግዴታ ነው። ክብደት ከአክስሉ በላይ፣ በተለይም በመኪናው አካል ላይ፣ መጨመር ግን የስበት ማዕከሉን ከፍ ስለሚያደርግ ጉዳቱ ያመዝናል። በሽያጭ ዕቃ ላይ ለውበት የሚገጠም የጣሪያ ዕቃ መጫኛ የሚጎዳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ወሰን፦ መሪ

ለስላሳ ጎማና የከበደ ፊት መሪውን ያከብዱታል። በብዙዎቹ ተገጣጥመው በሚሸጡ ክሮለሮች ላይ ያለው የመሪ ሰርቮ አቅሙ ውስን በመሆኑ፣ የማዞር ኃይሉ 20 ኪሎ ግራም-ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ በሆነና የብረት ጥርስ ባለው ሰርቮ ይተካል። እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚዘነጉት ነገር የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ነው። ሰርቮው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከፍጥነት መቆጣጠሪያው ሲሆን፣ ርካሽ መቆጣጠሪያዎች የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 አምፔር ነው። ኃይለኛ ሰርቮ በድንጋይ መካከል ሲያዝ ከዚህ በላይ ይስባል። ያኔ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የሬዲዮ መቀበያው ለቅጽበት ይጠፋል፣ ተሽከርካሪውም ያለ ትእዛዝ ይቆማል። ብልሽቱ የሬዲዮ ቢመስልም ምንጩ የአቅርቦት እጥረት ነው፤ መፍትሔውም ለሰርቮው የራሱ የቮልቴጅ መስጫ መግጠም ነው።

ጥርስ፣ ሞተርና ባትሪ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ተሽከርካሪው ሞተሩ እየሞቀ ካስቸገረ መጀመሪያ የሚቀየረው በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ትንሹ ጥርስ ነው። ትልቁ ጥርስ 56፣ ትንሹ 14 ቢሆኑ ንጽሩ 4 ይሆናል። ትንሹ በባለ 11 ቢተካ ንጽሩ ወደ 5.1 ያድጋል፤ የማዞር ኃይሉም 27 በመቶ ይጨምራል። ከፍተኛው ፍጥነት በአንጻሩ ይቀንሳል፤ ለክሮለር ግን ይህ ኪሳራ አይደለም።

ባለ ሁለት ሴሉን የ7.4 ቮልት ባትሪ በባለ ሦስት ሴሉ 11.1 ቮልት መተካት ቮልቴጁን በ50 በመቶ ያሳድጋል። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ከፈቀደ ሞተሩ ሲያዝ የሚፈጥረው የማዞር ኃይልም በዚያው መጠን ያድጋል። ይህ ኃይል የሚያልፈው ግን ቀድሞ ለ7.4 ቮልት በተመረጡ የፕላስቲክ ጥርሶችና ዘንጎች በኩል ነው። ቲአርኤክስ-4 ይህን ጫና ለማቃለል እንደ ዩኒሞግ የጭነት መኪና በየጎማው አጠገብ ተጨማሪ ጥርስ አለው። የመጨረሻው ቅነሳ በጎማው አጠገብ ስለሚፈጸም በአክስሉ ውስጥ ያለው ዘንግ የሚሸከመው የማዞር ኃይል ያንሳል፣ ዲፈረንሻሉም ከመሬት ከፍ ይላል። ይህ አሠራር በሌላቸው ተሽከርካሪዎች ላይ ሞተሩን ማጠናከር ዘንጉን የመስበር አጭር መንገድ ነው።

ሆን ተብሎ ደካማ የሚተው ክፍል

አንድን ክፍል ማጠንከር ስብራትን አያስቀርም፤ ወደሚቀጥለው ደካማ ክፍል ያዛውረዋል። ኃይሉን ከካምቢዮ ወደ አክስል የሚያደርሰው የፕላስቲክ ዘንግ በብረት ሲተካ ስብራቱ ወደ ዲፈረንሻሉ ጥርስ ይገባል። የፕላስቲክ ዘንግ ከውጭ በኩል በጥቂት ቡሎኖች ተፈትቶ ይቀየራል። የዲፈረንሻሉን ጥርስ ለመቀየር ግን አክስሉን ሙሉ በሙሉ መበተን ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ይበልጣል።

መለዋወጫ በማግስቱ በእጅ በሚገባበት አገር ሁሉንም ክፍል በብረት መተካት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ክፍሉ ከውጭ አገር በሚመጣ መንገደኛ ሻንጣ እስኪደርስ በሚጠበቅበት ጊምቢቹ ግን አንድን ርካሽ ክፍል እንደ ኤሌክትሪክ ፊውዝ ደካማ አድርጎ መተውና ሁለት ትርፍ ማስቀመጥ የንድፉ አካል መሆን አለበት። ለባትሪ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ብቻቸውን የታሸጉ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች በመንገደኞች አውሮፕላን በጭነት መልክ እንዳይጓጓዙ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተከልክሏል። መንገደኛ ለግሉ የሚይዘው ትርፍ ባትሪ ከ100 ዋት-ሰዓት ካልበለጠ በእጅ ሻንጣ ሊጓዝ ይችላል፤ 7.4 ቮልትና 3,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 22 ዋት-ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ የመጣን ባትሪ በአንድ ሴል ከ3 ቮልት በታች አውርዶ ማበላሸት የወራት ጥበቃን ማባከን ነው።

ከፍታ፣ አቧራና ጭቃ

በደጋው አየሩ ስስ ነው። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር እፍጋት ከባሕር ወለሉ 82 በመቶ ያህል ነው። የቤንዚን ሞተር በዚህ ምክንያት ጉልበት ሲያጣ የኤሌክትሪክ ሞተር አያጣም፤ ነገር ግን በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ሙቀቱን የሚያስወግደው በዝግታ ነው። ይህም ትልቅ ሞተር ከመግጠም ይልቅ ጥርሱን መቀነስ እንደሚመረጥ ያጠናክራል። በክረምት ቀይ ሸክላ የጎማውን ጥርስ ስለሚሞላው የሰበቃው ወሰን ይወርዳል፤ በበጋ ደግሞ አቧራ ወደ ኩሽኔታ ይገባል። ከጭቃ በኋላ ኩሽኔታውን አድርቆ ዘይት መቀባት፣ አክስሉንም አልፎ አልፎ ከፍቶ ግራሶ መጨመር ከማንኛውም ግዢ በፊት የሚመጣ ማሻሻያ ነው።

እንዴት ይለካል?

ለዚህ ምርመራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የፊት ጎማዎችን በወጥ ቤት ሚዛን ላይ፣ የኋላዎቹን በእኩል ከፍታ ባለ ጣውላ ላይ በማኖር የክብደቱ ክፍፍል ይታወቃል። ሸካራ ጣውላን ቀስ በቀስ እያነሡ በስልክ ማዕዘን መለኪያ ማንበብ ተሽከርካሪው የሚንሸራተትበትንና የሚገለበጥበትን ዲግሪ ለየብቻ ያሳያል። ቁም ነገሩ በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ ብቻ ማድረግና ከለውጡ በፊትና በኋላ በተመሳሳይ ጣውላ ላይ መለካት ነው። ጎማና ሞተር በአንድ ቀን ከተቀየሩ የትኛው እንደጠቀመ ማወቅ አይቻልም። በሆሳዕና እንዳለው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት የምሕንድስና ተማሪዎች ሰበቃን፣ የስበት ማዕከልንና የጥርስ ንጽርን በአንድ ዕቃ ላይ ሊፈትሹበት የሚችሉት ርካሽ መሞከሪያ ይህ ነው።

መደምደሚያ

ለጀማሪ የሚስማማው ቅደም ተከተል ከመሬት ወደ ላይ ይሄዳል፦ ጥገናና ግራሶ፣ ለስላሳ ጎማ፣ ዝቅ ያለና ወደ ፊት ያደላ ክብደት፣ መሪና አቅርቦቱ፣ ከዚያም ጥርስ፣ በመጨረሻ ሞተርና ባትሪ። በየደረጃው መጠየቅ ያለበት «ከሁሉ ጠንካራው ክፍል የትኛው ነው?» የሚለው ሳይሆን «አሁን ያቆመው ምንድን ነው? ይህን ባጠነክር ቀጥሎ የሚሰበረውስ የቱ ነው?» የሚለው ነው። የሚሰበረው ክፍል ርካሽና በእጅ ያለ ሆኖ እስከተገኘ ድረስ፣ ክሮለሩ በጊምቢቹ ተዳፋት ላይ በተሰበረበት ዕለት ተጠግኖ መልሶ ይወጣል።