ፊልም በጆሮም ይታያል

እኔ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። ዛሬ በስልክ ከሠራኋት የ4 ደቂቃ ፊልም ስለ ድምፅ ምን እንደተማርኩና እነማን እንዳስተማሩኝ ልንገራችሁ።

ፊልሟ ስለ አያቴ ናት። አጋሮ ነው የምትኖረው፤ እኛ አኮ እንላታለን። ዓይኗን ሞራ ስለጋረዳት ቡና የምትቆላው በሽታውና በድምፁ ነው። ስትቆላና ስትወቅጥ ቀርጬ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙዚቃ ለቀቅኩበት። አምሮብኝ ነበር! ለአኮ ወስጄ ስከፍትላት ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችና፣ «ዘፈኑስ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን የት አለሁ?» አለችኝ። በጣም አፈርኩ።

ለክበባችን መምህር ነገርኳቸው። «ዓይንሽን ጨፍኚና ስሚው» አሉኝ። እውነትም ቡናውም አኮም የሉም። ከዚያ እንዲህ ብለው አስረዱኝ።

የፊልም ድምፅ ሦስት ነው

1. ንግግር፦ ሰዎቹ የሚሉት ነው።
2. የአካባቢ ድምፅ፦ ቡናው ብረት ምጣድ ላይ ሲንጣጣ፣ ዘነዘናው ሙቀጫውን ሲመታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ያለው ነው። ቦታውን የሚነግረን እሱ ነው።
3. ሙዚቃ፦ ስሜትን ይመራል። አንዲት አሮጊት ብቻዋን ስትሄድ ፈጣን ከበሮ ብትጨምሩበት ሠርግ የምትሄድ ይመስላል፤ ቀስ ያለ ትዝታ ብትጨምሩበት ደግሞ የተለያት ሰው ያለ ይመስላል። ምስሉ ግን ያው ነው! ሙዚቃ ያለ ማቋረጥ ከተለቀቀ ግን ሌላውን ድምፅ ይውጠዋል።

የከተማችን ልጅ

የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ ነው የተወለዱት። እንግሊዝና አሜሪካ ሙዚቃ ተምረው፣ በአምስት ድምፆች የሚሠሩትን ቅኝቶቻችንን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ) ከጃዝ ጋር አዋሃዱ። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ሙዚቃቸውን ተጠቀመ። መምህራችን እንደነገሩን፣ በታሪኩ ውስጥ ትውልዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ጎረቤት ለዋናው ሰውዬ የመንገድ ሲዲ ይሰጠዋል። ሰውዬው መኪና ሲነዳ ሙዚቃው ይሰማል። አያችሁ? ሙዚቃው የገባው በምክንያት ነው።

እኔ ግን የእሳቸውን ሙዚቃ አልወሰድኩም፤ የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ አይወሰድም። የወሰድኩት ትምህርቱን ነው። ተመልሼ አጋሮ ሄድኩና ስልኩን ሙቀጫው አጠገብ አድርጌ ድምፁን ብቻ ቀረጽኩ። ክራር የሚጫወተው የሰፈራችን ልጅ ደግሞ የዘነዘናውን ምት እየተከተለ በትዝታ ቅኝት ተጫወተልኝ። ያንን መጨረሻ ላይ ብቻ፣ ለ30 ሰከንድ አስገባሁት።

አኮ እንደገና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ትንሽ ዝም አለችና፣ «ይቺ የኔ ሙቀጫ ናት!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ድገሚልኝ አለችኝ። ሦስት ጊዜ ሰማችው፤ ልክ እንደ አቦል፣ ቶናና በረካ።

ስለዚህ ዓይኔን ላስጨፈኑኝ መምህሬ፣ ስልኳን ላዋሰችኝ እህቴ፣ ለክራር ተጫዋቹ፣ ጅማ ተወልደው ዓለምን ላሰሙት ለጋሽ ሙላቱ፣ ከሁሉም በላይ እውነቱን ለነገረችኝ አኮ ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

እናንተም ፊልም ስትቀርጹ መጀመሪያ 1 ደቂቃ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!