ባሕር ዛፉ ምን በልቶ ወፈረ?

ከዘጠነኛ «ሐ» ክፍል መስኮት ባሻገር አንድ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወዳለው ወደዚህ ትምህርት ቤት ተመድቤ ስመጣ ልጆች እንዳይረግጡት እሾህ የታጠረለት ችግኝ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ቢያቅፈው እጆቹ አይገጥሙለትም። በየዓመቱ ስለ ተክሎች የምንማርበት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ጠመኔዬን አስቀምጥና ወደ መስኮቱ እጠቁማለሁ።

«ይኼ ዛፍ ቢጣል ስንት ኩንታል ይወጣዋል?»

አምስት የሚል አለ፣ ሃያ የሚል አለ። አባቱ አጣና የሚነግድ ልጅ ደግሞ ኩንታሉን ትቶ በብር ይነግረኛል።

«እሺ። ዘሩ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይተልቅም። ታዲያ ይኼ ሁሉ ኩንታል ከየት መጣ?»

«ከአፈር!» ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ።

ከዚያ ጥያቄውን እቀይራለሁ። «ፎቶሲንተሲስ ምንድን ነው?» ስል ያው ስልሳ ልጅ፣ በዚያው ድምፅ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ በፀሐይ ብርሃን ጉልበት ስኳርና ኦክስጅን ይሆናሉ ብሎ በእንግሊዝኛ ያንበለብልልኛል። አንድ ቃል አይስትም። ሁለቱ መልሶች አንድ ጭንቅላት ውስጥ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ ተዋውቀው ግን አያውቁም።

ይህን ለማስተዋል ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ጥፋቱም የእኔው ነው። ጥያቄ የማወጣው ከመጽሐፉ፣ መልስ የምቀበለውም ከመጽሐፉ ነበር። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያረጀ ባሕር ዛፍ ተጥሎ ሰው ከቦ ያያል። በዚያው ሳምንት ፈተናዬን ከሃያ ሃያ ያመጣች ልጅ ጉቶውን እያየች ለጓደኛዋ «ይኼን ሁሉ ከመሬት መጥምጦ እኮ ነው፤ ለዚህ ነው ሥሩ ሣር የማይበቅለው» ስትላት ሰማሁ። ጠጋ ብዬ «ፈተናው ላይ የጻፍሽውስ?» አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝና «እሱ እኮ፣ ቲቸር፣ የፈተናው ነው» አለችኝ።

የፈተናው ነው። ቤቴ ገብቼ የክፍሉን ወረቀቶች እንደገና አገላበጥኳቸው። ያን ሁሉ ዓመት በቀይ እስክሪብቶ ሳርም የኖርኩት «የፈተናውን» ብቻ ነበር።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ በተሠራ አንድ ዘጋቢ ፊልም ይኸው ጥያቄ ከሃርቫርድና ከኤም.አይ.ቲ. ለተመረቁ ወጣቶች፣ ዘርና ግንድ እያዩ፣ ቀርቦላቸው ነበር። ውሃ ያሉ አሉ፣ አፈር ያሉ አሉ። ከአየር ነው ሲባሉ ለማመን የተቸገሩት ጥቂት አልነበሩም።

አልፈርድባቸውም። አየርን እንደ ዕቃ የሚቆጥር ማን አለ? «ባዶ ጀሪካን» ስንል አየር የሞላው ጀሪካን ማለታችን ነው። ለዛፉ የሚሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከዚያ አየር ውስጥ ከመቶ 0.04 ገደማ ብቻ ነው፤ ከአሥር ሺህ የአየር ሞለኪውሎች አራቱ መሆናቸው ነው። ከዚህ ቁራሽ ግንድ ይሠራል ብሎ የሚያወራ ሰው ካላበደ በቀር ሊዋሽ ነው የመጣው ቢባል አይገርመኝም።

ስለዚህ አሁን አሁን ከሰል አነዳለሁ።

ከሰፈር ሱቅ ሚዛን እዋሳለሁ። አንድ ኪሎ ከሰል ልጆቹ ፊት እመዝናለሁ። ክፍለ ጊዜው ስለማይበቃ ከምሳ በፊት ሜዳው ላይ በምድጃ አቀጣጥለነው እንሄዳለን። አራጋቢ አላጣም፤ ደብተር ሲባል የሚጠፉት ሁሉ ያን ቀን ማራገቢያ ይሻማሉ። ከሰዓት ስንመለስ አመዱ በርዷል። በወረቀት ጠርገን በዚያው ሚዛን ስናስቀምጠው ሰሃኑ ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። አንድ ጭብጥ ነው፤ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ በትንፋሽ የሚበን።

«ከሰሉ የት ሄደ?»

«አለቀ።»

«አለቀ ማለት የት ሄደ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ይጨቃጨቃሉ። በመጨረሻ አንዱ «ወደ አየር» ይላል። እኔም ስጠብቅ የቆየሁት እሱን ነው። «ወደ አየር ከሄደ መጀመሪያ ከየት ቢመጣ ነው?»

ክፍሉ ጸጥ ይላል። በማስተማር ዘመኔ ከሰማሁት ጭብጨባ ሁሉ ያን ጸጥታ እመርጣለሁ።

ከሰልና እንጨት አንድ አይደሉም የሚል ጠንቃቃ አንባቢ ይኖራል፤ ልክ ነው። እንጨቱ ከሰል ሲሆን ውሃውም ሌላውም በጭስ ወጥቶ የሚቀረው በአብዛኛው ካርቦን ነው። ጥሬ እንጨቱ ሲደርቅ ደግሞ ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ካርቦን ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ኦክስጅን፣ ጥቂቱ ሃይድሮጅን። ካርቦኑ በቅጠሉ በኩል ከአየር የገባ ነው። ከአፈር የመጣው ካልሲየሙ፣ ፖታሲየሙና መሰሎቻቸው ሲሆኑ ሳይቃጠሉ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። አመዱ ማለት የአፈሩ ድርሻ ነው። አያቶቻችን አመዱን ሳይጥሉ ጓሮ ጎመን ላይ የሚበትኑት ያለ ነገር አልነበረም።

ይህን ከጨረስን በኋላ ነው የያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንትን ታሪክ የምነግራቸው። ብራሰልስ የተወለደ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1644 ሞተ፤ ሥራዎቹን ልጁ በ1648 አሳተመለት። ሰውዬው በምድጃ የደረቀ 200 ፓውንድ አፈር፣ በእኛ ሚዛን 90 ኪሎ ገደማ፣ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስገባና አምስት ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። ውሃ ብቻ እያጠጣ፣ አቧራ እንዳይገባ አፉን በቀዳዳ ቆርቆሮ ከድኖ አምስት ዓመት ጠበቀ። ዛፏ ተነቅላ ስትመዘን 169 ፓውንድ ከጥቂት አውንስ ሆነች፤ የረገፈው ቅጠል ሳይቆጠር። አፈሩ እንደገና ደርቆ ሲመዘን የጎደለው ሁለት አውንስ ብቻ ነው፤ ስልሳ ግራም እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ዛፏ የተሠራችው ከውሃ ነው ብሎ ደመደመ።

የሚያስቆጨኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ይኸው ሰው 62 ፓውንድ የኦክ ከሰል አንድዶ አንድ ፓውንድ አመድ ቀረለት፤ ስልሳ አንዱ የማይታይ ነገር ሆኖ ሄደ አለ። ለዚያ ለማይታየው ነገር ስም አውጥቶ «ጋዝ» አለው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት፣ እኛም በላምባ ላይ ጭምር የለጠፍነው ቃል የእሱ ነው። ከዛፉ የወጣውን ጋዝ ስም እስከ ማውጣት ደርሶ፣ ወደ ዛፉ የገባውም እሱው መሆኑ ሳይታየው ሞተ። የመልሱን ግማሽ በአንድ እጁ፣ ግማሹን በሌላው ይዞ ነበር። ሁለቱ እጆች እስኪገናኙ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ወሰደ፤ ስዊሱ ኒኮላ ቴዎዶር ደ ሶሱር እ.ኤ.አ. በ1804 በሚዛን ነው ያረጋገጠው። ስለዚህ ያቺ ከሃያ ሃያ ያመጣችው ተማሪዬ አንድ ሴሚስተር ቢዘገይባት አልቆጣትም።

የእሷ ትዝብትም ውሸት አልነበረም። ባሕር ዛፍ ሥር ሣር እንደ ልብ አይበቅልም፤ ዛፉ እርጥበቱን ይሻማል፣ ይጋርዳል፣ የሚያራግፈው ቅጠልም ለሌላ ቡቃያ አይስማማም። ያየችውን በትክክል አይታለች፤ የሰጠችው ምክንያት ነው የሳተው።

ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ የገበሬ ልጅ አንድ ዓመት እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እህሉ አየር ከበላ አባቴ ዩሪያ ለምን ይገዛል?» ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ጥያቄ ከመጽሐፉ ጀርባ ካሉት መልመጃዎች አላገኘሁም። የጭቃ ቤት አስቡ አልኳቸው። ቤቱ የሚከብደው በእንጨቱና በጭቃው ነው፤ ሚስማሩን ለብቻው ብትመዝነው ኢምንት ነው። ሚስማር የሌለው ቤት ግን አይቆምም። ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ሚስማሮቹ ናቸው፤ ያለ ናይትሮጅን ፕሮቲንም የለ፣ ክሎሮፊልም የለ። በዚያ ሰሞን ከልጁ አባት ማሳ የባቄላ ሥር ተነቅሎ መጣልን። ሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እባጮች በጥፍር ስንሰነጥቅ ውስጣቸው ሮዝ ነው። እዚያ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይዘው ለባቄላው ያቀብላሉ፤ ቀለሙ የመጣው የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ ከሆነ ፕሮቲን ነው። አባትየው ስንዴን ከባቄላ በኋላ መዝራትን ከእኔ አልተማረም።

አሁን ለዚህ ምዕራፍ የቤት ሥራ የምሰጠው አንድ ነው፤ ዛፉ ከምን እንደተሠራ ቤት ላለ ትልቅ ሰው በአማርኛ አስረዱና ያላችሁን ጽፋችሁ አምጡ። ብሔራዊ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹን አታዘናጋቸው ያለኝ ባልደረባ አለ። እውነቱን ነው፤ እንግሊዝኛውንም አልተውነውም። ግን አንዲት አያት ያለችውን ስሙልኝ፦ «ታዲያ ዝናብ ሲጠፋ ለምን ይደርቃል? አየሩ የትም አልሄደ።»

ለዚህች አያት መልስ ለመስጠት ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጀብን። አንዷ ልጅ ከቤቷ ጥፍር ቀለም አመጣች። ከባቄላ ቅጠል ጀርባ ላይ ስስ አድርገን ቀብተን፣ ሲደርቅ በፕላስተር ላጥነውና ለትምህርት ቤቱ አንድ ለእናቱ የሆነው ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጥነው። ወረፋው እስከ በሩ ደረሰ። የሚታየው የቅጠሉ ቆዳ ማኅተም ነው፤ እርስ በርስ የተቆላለፉ ህዋሶች፣ መሃል መሃል ላይ ደግሞ ከንፈር የመሰሉ ጥንዶች። ስቶማታ የምንላቸው ቀዳዳዎች እነዚህ ናቸው። አየሩ የሚገባውም ውሃው የሚተንነውም በአንድ በር ነው። ውሃ ሲያጥር ተክሉ በሩን ይዘጋል፤ ያኔ አየሩ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ልጅቷ ለአያቷ ሄዳ ነገረቻት። አያቷም «እንዲህ በይኝ» አለች አሉ።

በዚህ ርዕስ ላይ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥም እንጨቃጨቃለን። ዐቢይ ጾም ሲወጣ ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ይጠብቃል፤ ቦርጩ የት እንደሄደ ስጠይቃቸው «ላብ» ይላሉ፣ «ጉልበት ሆነ» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ አስልተው እንዳሳዩት ከሚቀልጥ 10 ኪሎ ስብ 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ 1.6ቱ ውሃ ይሆናል። የጠየቋቸው ሐኪሞችና የሥነ ምግብ ባለሙያዎችም ብዙዎቹ ስተውት ነበር። ይህን ለክፍሉ ስነግር ከአጣና ነጋዴው ልጅ ጥያቄ መጣ፦ «ባሕር ዛፉ የቲቸርን ቦርጭ በልቷል ማለት ነው?»

ጥቂቱን፣ አዎ።

ሙከራውን ቤታችሁ መሞከር ለምትፈልጉ አንድ አደራ አለኝ። ከሰሉን ደጅ አውጥታችሁ አንድዱት። አየር ባጠረው ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድም ይሰጣል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ የደማችን ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ «አሁን ጥሩ ሆኗል» ብለን ወደ መኝታ ክፍል የምናስገባው እሱን ነው። ፍሙ ደጅ ይደር።