ከባዛልቱ በታች ያለው ዕድሜ

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ተማሪዎችን ይዘን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «አናት ላይ ያለው ባዛልት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ከሆነ፣ እሱን ለክተን ከሥሩ ያሉትን ቅሪተ አካላት ዕድሜ ለምን አናውቅም?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሙያችን ያለው እዚሁ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ባዛልቱ ተለክቷል። ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከሥሩ ወፍራም የአሸዋ ድንጋይ አለ፤ ከዚያ የሙገር ጭቃ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲሉ ደግሞ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ። በሙገር ጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ከዚያው የወጣ የአንድ ጥንታዊ አጥቢ እንስሳ ጥርስ ጥናት በአንድ የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። እንስሳቱ የኖሩት በጁራሲክ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ከ145 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገመታል። ባዛልቱ ግን «ከ30 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣሉ» ከማለት አያልፍም። ሐሰት አይደለም፤ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ክፍተት ግን ይተዋል። ጣሪያው መቼ እንደተከደነ ማወቅ መሠረቱ መቼ እንደተጣለ አይነግርም።

የሚያስፈልገን እንስሳቱ በኖሩበት ዘመን ዘንቦ፣ ከአጥንቱ ጋር በአንድ ደለል የተቀበረ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ሀዳር በዚህ ታድላለች፤ የድንቅነሽ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው አመዶቹ ከአጥንት ተሸካሚው ደለል ጋር ተነባብረው ስለተገኙ ነው።

ከአመዱ የምንፈልገው ዚርኮን የተባለውን ማዕድን ነው። ድንጋዩ ይፈጫል፣ በውኃ ይታጠባል፣ በከባድ ፈሳሽና በማግኔት ይለያል፤ በመጨረሻ ማይክሮስኮፕ ሥር ቅንጣት በቅንጣት ይለቀማል። ዚርኮን ከቅልጥ አለት ሲፈጠር ዩራኒየምን ይቀበላል፣ እርሳስን ግን አያስገባም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ዛሬ በውስጡ የምናገኘው እርሳስ ከሞላ ጎደል ከዩራኒየም መፍረስ የመጣ ነው። ዩራኒየም 238 ግማሹ ለመፍረስ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፣ ዩራኒየም 235 ደግሞ 704 ሚሊዮን። ከሁለቱ የሚገኙት ዕድሜዎች ከተስማሙ ውጤቱን እናምናለን።

ይህ ምን ያህል እንደሚያዋጣ የሚያሳየኝ የአርጀንቲናው ካኛዶን አስፋልቶ ነው። በፓታጎንያ የሚገኙት እነዚህ የቅሪተ አካል ንብርብሮች ለረጅም ጊዜ የመካከለኛው ጁራሲክ ማብቂያ ወይም የኋለኛው ጁራሲክ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። የአመዱ ዚርኮን ሲለካ ግን ከአሥር ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው ባጓሊያ አልባ የተባለ ረጅም አንገት ዳይኖሰር ዕድሜው 179 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። ቁጥሩ ታሪኩን ለወጠው። ከ183 ሚሊዮን ዓመት በፊት በደቡባዊ አፍሪካና በአንታርክቲካ ግዙፍ የእሳተ ገሞራ ፍሰት ነበር፤ የምድርም ሙቀት በዚያው ጊዜ ጨመረ። ከዚያ በኋላ ከቀድሞዎቹ ዕፅዋት በል ዳይኖሰሮች ብዙዎቹ ጠፍተው የባጓሊያ ወገኖች እንደነገሡ አጥኚዎቹ ጻፉ። ንብርብሩ በድሮው ዕድሜው ቢቀር ኖሮ ሁለቱን ክስተቶች ማን ያገናኛቸው ነበር?

ስለዚህ ተማሪዎቼን አጥብቄ የምጠይቀው ስለ መለኪያው ማሽን አይደለም። ናሙናው ከአጥንቱ በላይ ነው ወይስ በታች? በስንት ሜትር? አመዱ ከሰማይ እንደወረደ የተኛ ነው ወይስ ወንዝ ከሌላ ቦታ ጠርጎ ያመጣው? የሚለካው ዕድሜ የቅንጣቱ ነው፤ ቅንጣቱን ከአጥንቱ ጋር የሚያዛምደው ሜዳ ላይ በእርሳስ የተሣለው የንብርብር ሥዕል ነው። ሥዕሉ የጎደለበት ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ባይላክ እመርጣለሁ፤ ውድ ልኬት ያለ ጥቅም ይባክናል።

በሙገር ጭቃ ድንጋይ ውስጥ ንጹሕ አመድ ባይገኝ እንኳ ደለሉ ራሱ ሊለካ ይችላል። ወንዝ ያመጣቸው ዚርኮኖች ዕድሜያቸው የተለያየ ነው፤ አብዛኞቹ ከደለሉ በጣም ያረጁ ይሆናሉ። ከሁሉ ወጣት የሆኑት ቅንጣቶች ግን ደለሉ ከእነሱ ቀድሞ ሊተኛ እንደማይችል ይመሰክራሉ። ባዛልቱ «ከዚህ ወዲህ አይደለም» ሲል እነሱ «ከዚህ ወዲያ አይደለም» ይላሉ። ወጣት ተመራማሪዎቻችን ይህን ሥራ ከጭቃ ድንጋዩ የታችኛው ክፍል ጀምረው፣ ሜትር በሜትር እየለኩ ቢይዙት ደስ ይለኛል።