ገንዳው ከመቆፈሩ በፊት፦ በነዋሪዎች መዋጮ ስለሚሠራ የወጣቶች የውሃ ስፖርት ማዕከል

በአዲስ አበባ ክረምት በገባ ቁጥር ከሚሰሙት አሳዛኝ ዜናዎች አንዱ፣ ለግንባታ ወይም ለድንጋይ ማውጫ ተቆፍሮ ክፍቱን በቀረ ጉድጓድ ውስጥ ለዋና የገቡ ልጆች የመስጠማቸው ዜና ነው። የከተማው የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ስለነዚህ ጉድጓዶች ደጋግሞ ያስጠነቅቃል፤ ሆኖም ማስጠንቀቂያው ለልጆቹ ሌላ መዋኛ አይሰጣቸውም። በከተማዋ ምዕራብ የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸካሚ ከሆነ ቆይቷል። የገፈርሳ ግድብ ውሃ የመጠጥ ውሃ ነው። የሆቴሎቹ ገንዳዎች ደግሞ መግቢያቸው ለሠራተኛ ቤተሰብ ልጅ የሚቀመስ አይደለም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች በመስጠም ሕይወታቸው አልፏል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ባሳለፈው ውሳኔ ሐምሌ 18 ቀን የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን እንዲሆን ወስኗል። ቀኑ በእኛ አገር ትምህርት ቤት በተዘጋበትና ጉድጓዱ በሞላበት ወቅት መዋሉ የአጋጣሚ ጉዳይ ቢሆንም ለእኛ የተመረጠ ይመስላል።

ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው አንድ የወጣቶች ማኅበር በበጎ ፈቃደኞች ጉልበትና በነዋሪዎች መዋጮ የውሃ ስፖርት ማዕከል ለመሥራት ቢነሣ ምን ምን እንደሚገጥመው ነው። ለስሌቱ ማሳያ የተወሰደው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጦር ኃይሎች አካባቢ ነው። ቦታው የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ–ምዕራብ መሥመር መጨረሻና የቀለበት መንገዱ መተላለፊያ በመሆኑ ከአየር ጤናም፣ ከቤተልም፣ ከልደታም ወጣት በቀላሉ ሊደርስበት ይችላል። ዕድሩ የጠነከረ፣ ሰዉ የተጠጋጋ ሰፈር መሆኑም ለመዋጮ ያመቻል።

ውሃው በጀሪካን ሲቆጠር

«የመዋኛ ገንዳ» ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው 25 ሜትር ርዝመት ያለው የውድድር ገንዳ ነው። ስፋቱ 12.5 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ቢሆን የሚይዘው ውሃ 469 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ይህ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር ከ23,000 በላይ ጀሪካን ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ውስጥ ይህ ቁጥር ከምህንድስና ጥያቄነት ያልፋል። ቧንቧዋ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ የምትመጣላት እናት ለገንዳው መዋጮ እንድታወጣ ስትጠየቅ በመጀመሪያ የምታስበው ስለዚያ ውሃ ነው፤ ማሰቧም ተገቢ ነው። ገንዳ አንዴ ከተሞላና ውሃው በማጣሪያ እየተዘዋወረ ከታከመ በየሳምንቱ የሚለወጥ አይደለም፤ በየቀኑ የሚጨመረው በትነት፣ በማጣሪያ እጥበትና በዋናተኞች የሚጎድለው ብቻ ነው። ይህ በስብሰባ ላይ በግልጽ ካልተነገረ ግን ማንም አያምነውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ብርድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ያልሞቀ የገንዳ ውሃ ለጀማሪ ልጅ ትምህርት የማይመች ቀዝቃዛ ነው። የተጠቀሰውን 469 ሜትር ኩብ ውሃ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ለማሞቅ፣ ምንም ሙቀት ሳይባክን፣ ወደ 5,450 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል። ሌሊት ሌሊት የሚጠፋው ሙቀት ደግሞ በየቀኑ መተካት አለበት። የሂልተን ሆቴል የመስቀል ቅርጽ ያለው ገንዳ ከዚህ ጣጣ የዳነው ከመሬት በሚወጣው የፍል ውሃ ሙቀት ነው፤ ይህ ሀብት ጦር ኃይሎች ላይ የለም።

አሁን ስሌቱን ወደ ትንሽ ማስተማሪያ ገንዳ እንመልሰው። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 4፣ ጥልቀቱ 0.9 ሜትር የሆነ ገንዳ የሚይዘው 28.8 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ በጀሪካን 1,440። በ10 ዲግሪ ለማሞቅ የሚጠይቀው 335 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሲሆን ከትልቁ አንድ አሥራ ስድስተኛ ገደማ መሆኑ ነው። ከገንዳ የሚጠፋው ሙቀት ትልቁ ክፍል በትነት ስለሚሄድ፣ ማታ ማታ የሚዘረጋ የፕላስቲክ ልባስ ብቻ ብዙ ያተርፋል፤ በጋ ላይ ጣሪያ ላይ የተዘረጋ ጥቁር ቱቦ ከፀሐይ የሚሰበስበው ሙቀትም ቀላል አይደለም። በዚህ ገንዳ ውድድር ማካሄድ አይቻልም። ልጅን ከመስጠም የሚያድነውን ችሎታ ማስተማር ግን ይቻላል።

የባንግላዴሽ የቀርከሃ መድረክ

ይህ ተስፋ ብቻ ላለመሆኑ ጥሩው ማስረጃ ከባንግላዴሽ ይመጣል። በዚያ አገር ገጠር ልጆች የሚሰጥሙት ከቤታቸው ደጃፍ ባሉ ኩሬዎች ውስጥ ነው። «ስዊምሴፍ» የተባለው ፕሮግራም አዲስ ገንዳ በመቆፈር ፋንታ በነዚያው ኩሬዎች ውስጥ ከቀርከሃ ጥልቀቱ የተወሰነ መድረክ ሠራ፤ የመንደሩን ወጣቶች አሠልጥኖም አስተማሪ አደረገ። አንድ ልጅ ተመረቀ የሚባለው 25 ሜትር ሲዋኝና ለ30 ሰከንድ ሲንሳፈፍ ነው፤ በተጨማሪም ወደ ውሃው ሳይገባ ከዳር ሆኖ ዘንግ ወይም ገመድ በማቀበል ጓደኛውን እንዴት እንደሚያወጣ ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት በትምህርቱ ያለፉ ልጆች የመስጠም ሞት ካላለፉት ጋር ሲነጻጸር ከ90 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች መሠረታዊ ዋናና የውሃ ደኅንነት ማስተማርን ከሚመክራቸው ጣልቃ ገብነቶች መካከል አስቀምጦታል።

የእኛ ሁኔታ በአንድ ነገር ይለያል፤ በጦር ኃይሎች ዙሪያ ንጹሕ ኩሬ የለም። ስለዚህ ቀርከሃውን መቅዳት አንችልም፤ የምንቀዳው ቅደም ተከተሉን ነው፤ አስተማሪው ከግንባታው ይቀድማል። በእኔ ግምት በርካታ የማኅበረሰብ ፕሮጀክቶቻችን የሚሰናከሉት ይህ ስለሚገለበጥ ነው። መሠረተ ድንጋይ ይጣላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ ቁልፉን የሚይዝ ሰው ይጠፋል።

ከብሪታንያ የባሕር ስካውቶች የሚገኝ ትምህርት

በጎ ፈቃደኞች ለወጣቶቻቸው ጀልባና የጀልባ ቤት በመዋጮ የማሠራት ልማድ ሥር የሰደደው በብሪታንያ የባሕር ስካውቶች ዘንድ ነው። ቡድኖቹ በቶምቦላ፣ በአሮጌ ዕቃ ሽያጭና በወላጆች የእጅ ሥራ ገንዘብ እያሰባሰቡ የኖሩ ናቸው። ከታሪካቸው ሦስት ክስተቶች ለዚህ ጽሑፍ ይጠቅማሉ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 1912 የሆነው ነው። ከለንደን ተነሥታ ወደ ሌይስዳውን ትጓዝ የነበረች የስካውቶች ጀልባ ድንገተኛ ነፋስ ገልብጧት 9 ታዳጊዎች ሰጠሙ። ንቅናቄው ገና በጨቅላነቱ ላይ ሳለ የደረሰ አደጋ በመሆኑ በጎ ፈቃድ ብቻውን ልጅን ከውሃ እንደማይጠብቅ ክፉኛ አሳይቷል።

ሁለተኛው ስለ ስጦታ ነው። ካፒቴን ስኮት ወደ አንታርክቲካ የተጓዘባት «ዲስከቨሪ» መርከብ እ.ኤ.አ. በ1936 ለስካውቶች ተሰጥታ ለንደን ላይ የባሕር ስካውቶች ማሠልጠኛ ሆነች። ስሟ ታላቅ፣ ታሪኳ የከበረ ነበር፤ ነገር ግን የጥገናዋ ወጪ ከማኅበሩ አቅም በላይ ሆኖ በ1954 ለባሕር ኃይሉ ተላለፈች። በነጻ የተገኘ ንብረት እንኳ በየዓመቱ የሚበላው ገንዘብ አለ። «ፈረስ የሰጠህ ሰው ገብሱን አይሰጥህም» ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው የሕግ ጉዳይ ሲሆን ለእኛ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1993 በላይም ቤይ በአንድ የግል ማዕከል አስተባባሪነት በካያክ የወጡ 4 ተማሪዎች ሞቱ፤ የማዕከሉ ባለቤት ኩባንያና ኃላፊው በወንጀል ተቀጡ፤ ፓርላማውም በ1995 ለወጣቶች ጀብዱ ስፖርት የሚሰጡ ማዕከሎች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ግን ለአባሎቻቸው አገልግሎት የሚሰጡ የበጎ ፈቃድ ማኅበራትን ከፈቃድ ግዴታ ነጻ አድርጓል። በመሆኑም ስካውቶቹ የራሳቸውን የብቃት ማረጋገጫ፣ የአስተማሪና የልጅ ቁጥር ገደብ፣ የውሃ አመዳደብ ደንብ በራሳቸው ላይ ጣሉ። የውጭ ተቆጣጣሪ በሌለበት ደንቡን የሚጽፈው ማኅበሩ ራሱ ነው። በጦር ኃይሎች የሚቋቋም ማኅበርም ከመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤው ጀምሮ ይህን ደንብ በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል፦ ነፍስ አድን ሠራተኛ በሌለበት ሰዓት ገንዳው ይቆለፋል፤ አንድ አስተማሪ የሚይዘው የልጅ ቁጥር ይወሰናል፤ ቁልፉ በሊቀመንበሩ ኪስ አይቀመጥም።

መዋጮውና ሕጉ

ገንዘብ ማሰባሰብ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጊዜ ከቦንድ ግዢ እስከ 8100 አጭር መልእክት፣ ከክልል ክልል እስከዞረው ዋንጫ ድረስ የተለያየ ዘዴ ተሞክሯል። በሰፈር ደረጃ ደግሞ ከሁሉም የሚቀድመው ዕድር ነው። ዕድር በየወሩ ጥቂት ጥቂት መሰብሰብን፣ መዝገብ መያዝን፣ ያልከፈለን መቅጣትን፣ ድንኳንና ወንበርን በጋራ ማስተዳደርን ለትውልዶች ሲለማመድ ኖሯል። ደቦና ወንፈል የጉልበቱን ድርሻ ያሟላሉ።

ይሁን እንጂ ዕድርን ከማዕከሉ ጋር ማደባለቅ አደገኛ ነው። የዕድር ገንዘብ የለቅሶ ገንዘብ ነው፤ ለገንዳ ፓምፕ ወጥቶ በማግሥቱ ሞት ቢደርስ የሚፈጠረውን ቅሬታ መገመት አያዳግትም። በሕግም ቢሆን የተለያዩ ናቸው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርንና ዕቁብን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አድርጓል፤ ማዕከሉን የሚያስተዳድረው ማኅበር ግን በዚህ አዋጅ ቢመዘገብ ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ የማሰባሰብና ገቢ በሚያስገኝ ሥራ የመሰማራት መብት ያገኛል። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። በእኔ ንባብ የዋና አስተማሪና የነፍስ አድን ሠራተኛ ደመወዝ የዓላማ ማስፈጸሚያ እንጂ የአስተዳደር ወጪ አይደለም፤ ልዩነቱ ግን በበጀቱ ላይ ከመጀመሪያው በግልጽ መጻፍ አለበት። እንግዲህ ዕድሮቹ ሰብሳቢና ምስክር ይሁኑ፤ ገንዘቡ በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ይግባ።

የእራት ምሽት አዘጋጅቶ በአንድ ጊዜ ከፍተኛ ገንዘብ ለመሰብሰብ መሞከርም የራሱ ችግር አለው። በጭብጨባ መካከል የሚገባ ቃልና ባንክ የሚገባ ገንዘብ አንድ አይደሉም። ከዚህ ይልቅ፣ ለምሳሌ ያህል፣ 600 አባወራዎች በወር 50 ብር ቢያዋጡ በዓመት 360,000 ብር ይሆናል። ይህ ትልቅ ገንዳ አያሠራም። ግን የማያቋርጥ ነው፤ ክሎሪን፣ የመብራት ክፍያና የአስተማሪ አበል የሚጠይቁትም የማያቋርጥ ገንዘብ ነው። የአንድ ጊዜውን ግንባታ በዓይነት ስጦታ መሸፈን ይቀላል፤ ነጋዴ ሲሚንቶ፣ ባለመኪና አሸዋ ማመላለሻ ሊሰጥ ይችላል፤ ጥሬ ገንዘብ ሲጠየቅ ግን ያመነታል።

መሬትን በሚመለከት፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚውል ቦታ በምደባ የሚሰጥበትን መንገድ አስቀምጦ ነበር። መንገዱ ረጅም ነው። ቀድሞ በተሠራ የወጣቶች ማዕከል ወይም ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ በስምምነት ትንሽ ቦታ መጠየቅ የተሻለ ይመስለኛል።

ጉልበት የት ይገባል?

በጎ ፈቃደኛ ቁፋሮውን፣ አጥሩን፣ የልብስ መቀየሪያውን፣ ቀለሙን፣ አትክልቱን ሊሠራ ይችላል። ብረት አስሮ፣ ኮንክሪት ሞልቶ ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ ማውጣት ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ውሃ 1.5 ሜትር ጥልቀት ላይ በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ የሚያሳርፈው ግፊት ወደ 1.5 ቶን ይጠጋል፤ ከሥሩ ዋልካ አፈር ካለ ደግሞ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ገንዳውን ይዞት ይሰነጠቃል። የአፈር ምርመራ የሚጠይቀው ክፍያ ከተሰነጠቀ ገንዳ ጥገና ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። በቅዳሜ ዘመቻ የተሠራ የገንዳ ግድግዳ አይመከርም።

ገንዳው እስኪሠራ ድረስ የሚባክን ጊዜ አይኖርም። የመጀመሪያው ዓመት መዋጮ አሥር የሰፈሩን ወጣቶች በዋና አስተማሪነት፣ በነፍስ አድንና በመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ለማሠልጠንና ከነባር ገንዳዎች በአንዱ ሰው በማይበዛበት የሥራ ቀን ጠዋት ሰዓት ለመከራየት ሊውል ይችላል። በገመድና በባዶ ጀሪካን ከዳር ሆኖ የማውጣት ልምምድ ደግሞ ገንዳም አይፈልግም፤ የትምህርት ቤት ሜዳ ይበቃዋል። ከሰኔ መጨረሻ በፊትም እነዚሁ ወጣቶች በአካባቢያቸው ክፍት የቀሩ ጉድጓዶችን ዞረው ቢመዘግቡና ለወረዳው ቢያስታውቁ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይገዙ ሥራ ጀምረዋል።