ምስጢሩ እስከ የት ይጠበቃል? በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚደርስ ጾታዊ ጥቃትን ስለማሳወቅ

በዩኒቨርሲቲ ግቢ ጾታዊ ጥቃት የደረሰባት ተማሪ ጉዳዩን የምትነግራቸው ሰዎች ምስጢር የመጠበቅ ግዴታቸው እኩል አይደለም። ለሐኪም የተነገረው ቃል አንድ ወሰን አለው፤ ለሥርዓተ ጾታ ቢሮ የቀረበው ሌላ፤ ለፖሊስ የተሰጠው ደግሞ ሌላ። ተማሪዋ ይህን ልዩነት ማወቅ ያለባት ከመናገሯ በፊት ነው፤ ሰሚውም አስቀድሞ ሊነግራት ይገባል።

ደብረ ብርሃንን ለምሳሌ እንውሰድ፤ ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ወደምትገኘው ደጋማ ከተማ ከመላ አገሪቱ የሚመደቡ ወጣቶች ይመጣሉ። ከሩቅ የመጣችው ተማሪ በከተማው የምታማክረው ዘመድ የላትም። ከአቅራቢያው፣ ከአንኮበር፣ ከመንዝ ወይም ከሞረት የመጣችው ግን ዘመድ ይበዛባታል። አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤተሰቧ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ትልቁ ፍርሃቷም ብዙ ጊዜ «ትምህርቱ ይቅርብሽ፣ ነይ» መባል ነው። ስለዚህ ምስጢር መጠበቅ የትምህርት ዕድሏንም መጠበቅ ነው።

ሕጉ ለግቢው ባዳ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ተበዳይዋ በአጥቂው ቁጥጥር ወይም ኃላፊነት ሥር ያለች ከሆነ ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። አንቀጽ 625 ደግሞ መምህርን በስም ይጠቅሳል፤ ሥልጣኑን ወይም የሴቲቱን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ ግንኙነት የፈጸመ ሰው በቀላል እስራት ይቀጣል። ይህኛው ግን የሚያስቀጣው በግል አቤቱታ ሲሆን፣ አቤቱታው ተበዳይዋ ጉዳዩን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሦስት ወር ለአንድ ሴሚስተር እንኳ አይበቃም። መምህሩ ግሬድ እስኪያስገባ ድረስ በፍርሃት የቆየች ተማሪ አቤት የማለት መብቷ በእጇ ላይ ሊያልፍባት ይችላል። ይህን ለአዲስ ገቢዎች በመጀመሪያው ሳምንት የማይናገር ተቋም ትልቅ ነገር ይጎድለዋል።

ከሁሉ የሚቀድመው ሕክምና ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ሊሠራ ይችላል፤ እሱም ቀን ሲገፋ እየደከመ ይሄዳል። ለማስረጃ ሲባል ከምርመራ በፊት አለመታጠብ፣ የተለበሰውንም ልብስ ሳያጥቡ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት መጠቅለል ይመከራል። ለመክሰስ ያልወሰነችም ተማሪ መታከም አለባት። ወንድ ተማሪ ሲጠቃም የመድኃኒቱ ሰዓት ያው ነው። እርግዝና ከተከተለ ሕጉ በመደፈር የመጣን ጽንስ ማቋረጥ ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 552 መሠረት ለማስረጃ የሴቲቱ ቃል ብቻ ይበቃል፤ የፍርድ ቤት ውሳኔም ሆነ የፖሊስ ወረቀት አይጠየቅም።

ሐኪምና ነርስ የሙያ ምስጢር ካወጡ በወንጀል ይጠየቃሉ። በማስተማሪያ ሆስፒታል ግን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከሐኪሙ ጋር የሚዞሩት ተለማማጆች የግቢዋ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ተማሪዋ እነሱ በሌሉበት እንድትመረመር መጠየቅ ትችላለች። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተጀመረው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ቦታ ያገናኘው ተጎጂዋ ታሪኳን በየቢሮው እየደጋገመች እንዳትናገር ነው።

ደብረ ብርሃን ባለችበት በሰሜን ሸዋ ብዙ ወጣት ከሐኪም በፊት የሚያስበው የንስሐ አባቱን ነው። የሃይማኖት አባትም በሙያ ምስጢር ሕግ ከታሰሩት መካከል ነው። ሆኖም የንስሐ አባት ብዙ ጊዜ የመላው ቤተሰብ አባት ስለሆነ፣ ተማሪዋ ለወላጆቿ እንዳይነገርባት አስቀድማ ብታስረዳ ይበጃታል።

በግቢው ውስጥ ተማሪዎች «ጀንደር ኦፊስ» የሚሉት የሥርዓተ ጾታ ቢሮ አለ። የዚህ ቢሮ ጥቅም ከክስ በፊት ይጀምራል፤ ዶርም ማስቀየር፣ ፈተና ማዘዋወር፣ ፈተናዋ በሌላ መምህር እንዲታረም ማድረግ፣ ያለ ቅጣት ትምህርቷን ለጊዜው እንድታቋርጥ (ዊዝድሮው እንድትሞላ) መርዳት ማንም ጥፋተኛ ሳይባል ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው። ተማሪዋ ግን ቃሏን የሚጽፈው ማን እንደሆነ፣ ለዲኑ ይደርስ እንደሆነ፣ ቤተሰቧ ይጠራ እንደሆነ መጠየቅ አለባት። በአሜሪካ ታይትል ናይን በተባለው የ1972 እ.ኤ.አ. ሕግ ምክንያት ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ምስጢር መጠበቅ የሚችለውን አማካሪና የሰማውን ለተቋሙ ማሳወቅ ያለበትን ሠራተኛ ለይተው ያስታውቃሉ። እዚህም በየቢሮው በር ላይ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ቢለጠፍ ብዙ ተማሪ በድፍረት ይገባ ነበር።

ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሲሄድ ስም መደበቅ ያበቃል። ተከሳሹ የተከሰሰበትን አውቆ መልስ የመስጠት መብት አለውና፤ ያለ ስም በአስተያየት ሳጥን የገባ ወረቀት ኃላፊዎችን ያነቃል እንጂ ብቻውን ሰው ለማሰናበት አያበቃም። ስሟ ለተከሳሹ ታወቀ ማለት ግን ለግቢው ሁሉ ታወቀ ማለት አይደለም። የኮሚቴው አባላት ጥቂት ሊሆኑ፣ ደብዳቤዎች በመለያ ቁጥር ሊጻፉ፣ ውሳኔው ያለ ስሟ ሊገለጽ ይችላል።

ፖሊስ ጣቢያ የደረሰ የመደፈር ጉዳይ ተበዳይዋ ስለታረቀች ብቻ የሚዘጋ አይደለም። አገሬው የሚያከብረው ሽምግልና እዚህ ላይ ቦታ የለውም፤ ሽማግሌ ልኮ ዝም ማሰኘት ሁለተኛ በደል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የግል ሕይወትን ለመጠበቅ ችሎት ዝግ እንዲሆን ይፈቅዳል። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም በከባድ ወንጀሎች ለሚመሰክሩ ከለላ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ በመስጠት ይታወቃል።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያዋ ሰሚ ብዙውን ጊዜ የዶርም ጓደኛ ናት። እሷ «ለምን ሄድሽ?» ሳትል መስማት፣ ወደ ሐኪም አብራት መሄድ፣ የተላኩ መልእክቶችን ሳያጠፉ ማስቀመጥ፣ በቴሌግራም ግሩፕ ምንም አለመጻፍ ይጠበቅባታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህርት የነበሩት ብሌን ሳህሉ ከተማሪዎቻቸው ጋር የጀመሩት የሎው ሙቭመንት በግቢ ጠረጴዛ ዘርግቶ ስለ ጾታዊ ጥቃት በግልጽ ሲያነጋግር የቆየው ለእነዚህ የመጀመሪያ ሰሚዎች ጭምር ነው።

ውሳኔ ከተሰጠም በኋላ የሥነ ልቦና ምክሩ ሊቀጥል ይገባል፤ መዝገቡም ተቆልፎ፣ ከመደበኛው የተማሪ ፋይል ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ትምህርቷን አቋርጣ የተመለሰች ተማሪ ትራንስክሪፕት ላይም የወጣችበት ምክንያት ሊጻፍ አይገባም።